ቀኑን የሚጠይቀን ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት አማኑኤል ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የኖረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከተማሪዎቼ ጋር አስነሣን። ትንሽ አጓርቶ በጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ አወጣና ቆመ። የዛሬውን ቀን ንገሩኝ ማለቱ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። አንዷም፣ “ቲቸር፣ ኮምፒውተር ሆኖ ቀኑን አያውቅም እንዴ?” አለችኝ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ቀንና ሰዓት የሚይዝበት እንደማይኖረው ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያን ዕለት ግን መሐል ላይ ቃል አጣሁ። የእናቴ ድምፅ ከሃያ ዓመት ወዲያ መጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፦ “ምጥን፣ ዛሬ ስንት ነው?”

አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ደብረ ማርቆስ፣ ከምንኖርበት ቤት የፊት ክፍል ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ነበራት። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምንተዳደረው በዚያው ሥራ ነበር። ክፍሉ የወረቀት ማባዣ ቀለምና የጋለ አቧራ ይሸታል። የእኛም ኮምፒውተር ባትሪው የሞተ ስለነበር ሁልጊዜ ጠዋት ሲነሣ ቀኑን ይጠይቃል፤ መልሱን መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር። ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፈው ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን እጽፍለታለሁ። አልፎ አልፎ እምቢ ይለኛል። የጥቅምትን መጨረሻ አይቀበልም፤ ጳጉሜን ደግሞ ጨርሶ አያውቃትም። ስነግራት እናቴ፣ “ተይው፣ እሱም የራሱ በዓል አለው፤ የትናንቱን ድገሚለት” ትለኛለች። እደግምለታለሁ፤ ይቀበላል። ከዚያ የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም እከፍትና ወንበሩን ለእሷ ለቅቄ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ።

ሰኔ ሲገባ ቤታችን ይለወጣል። የከተማው መምህራን የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና የሚያስጽፉት እሷ ዘንድ ነበር፤ ለምን እንደሚያምኗትም አውቃለሁ። መምህሩ የተጻፈውን አንብቦ ካረመ በኋላ የእጅ ጽሑፉን እዚያው ፊቱ ከሰል ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ፈተናው የሚቀረው ቁልፍ ባለው መሳቢያዋ ውስጥ፣ በዲስኬት ብቻ ነው። በዚያ ወር እኔም ብሆን ቀን ከመጻፍ በቀር ወደ ኮምፒውተሩ መጠጋት አይፈቀድልኝም።

በዚያ ዓመት ፈተናዎቹ ተጽፈው አልቀው፣ ማባዛት ብቻ ሲቀር፣ ሄዶ የመጣው መብራት ኮምፒውተራችንን አቃጠለው። ዲስኬቶቹ ደኅና ነበሩ። እናቴም በማግስቱ ከአዲስ አበባ የመጣ የተሻለ ኮምፒውተር ገዛች። ጌታነህ የሚባለው ጠጋኝ ገጣጠመው፤ ሰዓትና ቀኑን ሲያስተካክል ከትከሻው ኋላ ቆሜ አየሁት። “ይኼኛው ቀን አይጠይቅም፤ ራሱ ያውቃል” አለ ኮርቶ። እናቴ ደስ አላት፤ እኔን ግን ከፋኝ።

ደስታዋም አልቆየም። ጌታነህ የድሮውን የአማርኛ ፕሮግራም ከዲስኬቶቹ ጫነው። ሲከፍተው መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። አጥፍቶ አስነሣው፤ እንደገና ጫነው፤ ያው ነው። ፈተናዎቹን በሌላ ፕሮግራም ሊከፍታቸው ሲሞክር ፊደሎቻችን ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆነው ተበተኑ።

“እትዬ የሺ፣ ፕሮግራሙ አርጅቷል። አዲስ ማሽን አይቀበለውም።”

“ባለፈው ሰሞን ሲሠራ ነበር እኮ!”

“እሱ በአሮጌው ላይ ነዋ። አሁን አዲስ ፕሮግራም አስመጥተው ሁሉንም ዳግመኛ መጻፍ ነው።”

“ከምኑ አይቼ ልጻፈው? ከአመዱ?”

መምህራኑ ፈተናውን የሚወስዱት ሰኞ ነው።

ወሬውን ደጀን ላይ ሻይ ቤት ያለው አጎቴ ይሁኔ ሰማ። እናቴን ወደዚያ ሊወስዳት መወትወት ከጀመረ ቆይቷል፤ “ለሾፌር ምሳ ማቅረብ ከዚህ ሣጥን ጋር ከመጣላት ይሻላል” ይላታል። ዘወትር ትስቅበት ነበር። ቅዳሜ ማታ ግን፣ “ሰኞ እነዚያን መምህራን ባዶ እጄን ካየኋቸው በኋላ እዚህ ከተማ ምን ፊት ይዤ እቀመጣለሁ? ይምጣና ይውሰደን” ስትል ሰማሁ። ደጀንን የማውቃት በመኪና ሳልፍ ነው። ትምህርት ቤቴን፣ ጓደኞቼን፣ የጓሯችንን የኮክ ዛፍ እያሰብኩ ተኛሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይሁኔ በራችን ላይ መኪና አቁሞ ይጠብቀናል።

“አሁንም አኮረፈ?” አለ ኮምፒውተሩን በአገጩ እያሳየ። “እኔ በሬ ሲያምፅብኝ ሌላ በሬ ነው የምጠምድ።”

“አማርኛ የሚጽፍ በሬ ካለህ አምጣው” አለችው እናቴ። ድምፅዋ ግን ቀልድ አልነበረውም። ሁለቱም ዕቃ ሊያዩ ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩን ልሰናበተው ነበር መሰለኝ። አስነሣሁት፤ እውነትም ምንም አልጠየቀኝም። ግን ጥጉ ላይ ያለችውን ሰዓት ስከፍት ራሱ አውቃለሁ ያለው ቀን ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ወሩም ቀኑም የኛ አይደለም፤ ዓመቱማ ስምንት ዓመት ቀድሟል! ጌታነህን የሚያህል ሰው እንዴት ዓመቱን ይሳሳታል ብዬ ገረመኝ። ሲያደርግ እንዳየሁት አድርጌ አረምኩት፤ የሰኔን ቀን፣ የኛን ዓመተ ምሕረት። ከቀን ቀጥሎ ፕሮግራሙን መክፈት የዘወትር ልማዴ ስለነበር እሱንም ከፈትኩ።

ብልጭ አለ። አልጠፋም። ነጩ ገጽ ተዘርግቶ ቀረ። “ሀ” ስመታ “ሀ” ጻፈ።

“ማን ንኪ አለሽ!” እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

“ቀኑ ተሳስቶ ነው እማዬ። አረምኩት።”

ልትቆጣኝ የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ይሁኔ ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ፣ “ምን አድርጋው ነው?” ይላል። መሳቢያውን ከፍታ አንድ ዲስኬት ከተተች። መስኮቱ በፊደል ሲሞላ ግንባሬን ያዝ አድርጋ ሳመችኝ። ከዚያ ፊቷ ድንገት ተለወጠና በመዳፏ ዓይኔን ሸፈነችው።

“ውጪ! ውጪ ከዚህ! የአራተኛ ክፍል ፈተና ነው!”

ሰኞ ጠዋት የማተሚያው መርፌዎች የማባዣውን ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ ሲወጉ ድምፁ ደጃፍ ድረስ ይሰማ ነበር። ይሁኔ ወደ ደጀን ሲመለስ የጫነው የሞተውን ኮምፒውተር ሣጥን ብቻ ነው፤ ዶሮ አስቀምጥበታለሁ ብሎ።

ምክንያቱ የገባኝ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ አላረጀም ነበር። ሠሪዎቹ የሙከራ ቅጂ አድርገው በፈረንጅ ዘመን የሚያበቃበትን ቀን ወስነውለት ኖሯል። ያ ቀን ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አሮጌው ኮምፒውተራችን ግን እኔ በየጠዋቱ በነገርኩት በኛ ዘመን ይኖር ስለነበር፣ ለእሱ ቀኑ ገና አልደረሰም። አዲሱን ኮምፒውተር በፈረንጅ ዘመን ሲያስቆጥሩት ፕሮግራሙ ተዘጋ። ዛሬ ለተማሪዎቼ እንዲህ እላለሁ፦ አሮጌ ፕሮግራም እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ በማን ዘመን እንደኖረ ጠይቁ።

አሁን ስልኩም ኮምፒውተሩም ቀኑን ራሱ ያውቃል፤ ሰውን አይጠይቅም። መልካም ነው፤ ሥራ ያቀላል። እናቴ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ትደውልልኛለች። ደኅና ማደሬን ከመጠየቋ በፊት፣ “ምጥን፣ ዛሬ ስንት ነው?” ትላለች። የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ከአልጋዋ ፊት ለፊት እንደተሰቀለ አውቃለሁ። እነግራታለሁ። “ተባረኪ” ትላለች፣ ሥራዬን በደንብ እንደሠራሁ ሁሉ።

ተማሪዎቼ ዝምታዬ ሳይረዝምባቸው አልቀረም። የቁልፍ ሰሌዳውን ቅድም ወደ ጠየቀችኝ ልጅ ገፋ አደረግሁላት።

“በይ ንገሪው። ዛሬ ስንት ነው?”

ጣቷን አንሥታ አመነታች። “በኛ ነው በነሱ፣ ቲቸር?”

“በኛ” አልኳት።