ከግምጃ ቤት ያመጣሁት ቅጠል

ከባሕር ዳር በጠዋት ሚኒባስ የተሳፈርኩት ቅጠል ፍለጋ ነው። ሥራዬ መድኃኒት ሊሆኑ የሚችሉ ሞለኪውሎችን በኮምፒውተር መሞከር ነው። የወባ ተሕዋስ ፕሮቲን ላይ አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ እዚያ ልክክ ብሎ የሚገባ ቅርጽ ከተገኘ ተሕዋሱ ሥራ ይፈታል። ከእንጅባራ ወዲያ ካለችው ከግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ከሚበቅል ቅጠል የሚገኝ አንድ ሞለኪውል ኮምፒውተሩ ላይ ገጠመልኝ። የቀረኝ ቅጠሉን አምጥቶ ማስፈተሽ ነበር።

ዳንግላ ላይ የፈረስ ጋሪዎች እስኪያልፉ ቆምን። ከዚያ እስከ እንጅባራ መንገዱ ግራና ቀኙ ለከሰል የተተከለ ዛፍ ነው። እንጅባራ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልቼ፣ መኪና ቀይሬ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ግምጃ ቤት

ቅጠሉ ያለው በስልክ በተነጋገርኳቸው ገበሬ፣ በጋሼ ታደለ አጥር ላይ ነው። እየቆረጥን ሳለ "ለምን ይሆናል?" አሉኝ። "ለወባ፤ ይኸው ገጠመ" ብዬ ጎድጓዳዋንና ውስጧ የተቀመጠውን ሞለኪውል በስልኬ አሳየኋቸው። አዩና ጥቂት ቅጠል ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ቆይቼ ስገባ ቅጠሉ ድስት ውስጥ ይፈላል። ባለቤታቸው እትዬ እናኑ ወባ ከሚበዛባት ከጫግኒ ከተመለሱ ወዲህ ትኩሳት ይዟቸው፣ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።

"ጋሼ፣ እንዳያጠጧቸው!"

"ገጠመ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ገጠመ ማለት አዳነ ማለት አይደለም።"

"ታዲያ ምን ማለት ነው?"

"ያው ሞለኪውል ልብ ላይ ያለ ሌላ ፕሮቲንም ሊይዝ ይችላል። ከአንዱ ጫፍ ቀንሰን፣ በሌላው ጨምረን፣ ልብን ትቶ ወባውን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ አለብን።"

"አድርጋችሁታል?"

"ገና ነን።"

"ታዲያ ለምን አሳየሽኝ?"

ይህን ብለው ድስቱን አወረዱ። እትዬ እናኑን በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ደማቸው ሲታይ ወባ ሆነ፤ ኪኒን ተሰጣቸው።

በማግስቱ እትዬ እናኑን ልሰናበታቸው ስሄድ ትኩሳቱ ቀለል ብሏቸው ቁጭ ብለዋል።

"ያንቺውስ ኪኒን መቼ ይደርሳል?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"እንግዲያ እስኪደርስ አትታመሙ በይና!" ብለው ሳቁ። ጋሼ ታደለ አልሳቁም።

ባሕር ዳር

ቅጠሉን ላቦራቶሪ አስረክቤ ሞለኪውሉን ከልብ ፕሮቲን ጋር ሞከርኩት። ገጠመ፤ እንዲያውም ከወባው የበለጠ። እትዬ እናኑ ቢጠጡት ምን ይሆኑ እንደነበር እኔም ኮምፒውተሩም አናውቅም። ከጉዞው የተማርኩት "ገጠመ" ብዬ ከመደሰቴ በፊት ሌላስ የት ይገጥማል ብሎ መጠየቅን ነው። አሁን ከየትኛው ጫፍ ልቀንስ እያልኩ ሥዕሉን አገላብጣለሁ፤ ልብን እንዲለቅ ስቀንስለት ወባውንም ይለቃል።