ማኅተም ያለበት ካውያ

ጠዋት ገና ቢሮ እንደገባሁ... «የአያ ሰይድን ሚስት ኮረንቲ ጣላት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጎንደር ላይ የመብራት ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

አያ ሰይድ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጥሊያን ጥሎት የሄደ የኤሌክትሪክ ካውያ አላቸው፤ የሚተኩሱበት ሚስታቸው እትየ ዘይነብ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፈሩን ዕቃ እየዞርኩ ስመረምር ያንን ካውያ አይቼዋለሁ። የመሞከሪያ አምፖሌን ሽቦ ብረቱን ሳስነካው አምፖሉ ቦግ አለ። ኮረንቲው ወደ ብረቱ ያልፋል ማለት ነው... ሰው ይገድላል! «አደገኛ ነው፤ እንዳይሰካ» የሚል ወረቀት እጀታው ላይ አሰርኩና ወጣሁ።

ስደርስ እትየ ዘይነብ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው መዳፍ ተልጧል። ነፍሳቸው የተረፈችው ሲወድቁ ስፒናው ስለተነቀለ ብቻ ነው።

ካውያው ጠረጴዛው ላይ አለ። ወረቀቴም አለ! እንዲያውም እንዳይቀደድ ዙሪያውን በቀይ ጨርቅ ዘምዝመውታል።

ነደደኝ።

«ምነው አያ ሰይድ! ይሄን ወረቀት አላዩትም?»

«ወላሂ አየሁት እንጂ! የመንግሥት ማኅተም አለበት። ማኅተም ያረፈበት ዕቃ ምን ይሆናል ብዬ... ለደንበኛው ሁሉ ሳሳይ ነው የከረምኩት።»

ክው አልኩ። ማኅተሙ የአለቃዬ ነገር ነው። «ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማን ይሰማዋል?» እያለ በእያንዳንዱ ላይ ያሳርፍ ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን መሬት የሚጸናው በማኅተም፣ ጭነት ከኬላ የሚያልፈው በማኅተም... ማኅተም ያየ ሰው ተፈቀደ እንጂ ተከለከለ ብሎ በምን ያስብ?

ግን ንዴቴ አልበረደም።

«ማንበብ ባይችሉ አያስነብቡም ነበር?» ብዬ ጮህኩባቸው።

አያ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። «እሷ እኮ ነግራኝ ነበር... ብረቱ ይነዝረኛል ስትለኝ፣ መንግሥት ካተመበት በኋላ አንቺ ማን ነሽ ብዬ ተቆጣኋት።»

ይሄን ስሰማ ባሰብኝ። ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እትየ ዘይነብ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱን ተወው» አሉኝ። «ያን ዕለት ወረቀቱን ስታስር አጠገብህ ቆሜ ነበር። የምተኩስበት እኔ እንደሆንኩም፣ ፊደል እንዳልቆጠርኩም ታውቃለህ። ምነው፣ አፍ አልነበረህም?»

ያን ዕለት ቸኩዬ ነበር... ሁለት ቃል መናገር ከብዶኝ! ከአያ ሰይድ ይልቅ በራሴ ተቃጠልኩ።

ቢሮ ተመልሼ አለቃዬን «ማኅተሙ ሰው ሊገድል ነበር!» ስለው «ሥርዓት ነው» አለኝ። ሥርዓቱን ታቅፎ ይቀመጥ!

ከዚያ ወዲያ አደገኛ ዕቃ ሳገኝ፣ መጀመሪያ የሚሠራበትን ሰው ጠርቼ በአፌ እነግረዋለሁ። ከዚያ ስፒናውን በፒንሳ ቆርጬ ኪሴ እከታለሁ... ስፒና የሌለውን ካውያ ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል።