ኬቨን እሺ ሲል፣ ሚስተር ሊን ፈገግ ሲሉ

ባለፈው ሳምንት ለልብስ ማጠቢያ ማሽናችን መለዋወጫ ልገዛ፣ እዚሁ አሜሪካ ከምንኖርበት ብዙም የማይርቅ ዱሉዝ የሚባል ከተማ ስሄድ፣ ድሮ የምሠራበት መጋዘን የልጆች መዝለያና መጫወቻ ቤት ሆኖ አገኘሁት። በሩ ላይ ፊኛ ታስሯል። መኪናዬን ዳር አቁሜ አየሁት። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሳልወርድ ሞተሩን አስነሥቼ ሄድኩ።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ነበር። ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሥራችን ከቻይና የሚመጣ አምፖልና መብራት ከትልቅ ካርቶን አውጥቶ በትንንሹ ማሸግ ነው። ባለቤቱ ሚስተር ሊን የሚባሉ ቻይናዊ ሽማግሌ ነበሩ። በየቀኑ የሚያዘን ደግሞ ኬቨን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሱፐርቫይዘር ነው። እኔ ከቀትር በኋላ ገብቼ ማታ እወጣለሁ። ባሌ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ ታክሲ ስለሚነዳ የተወሰነ ሰዓት የለውም። የስድስት ዓመት ልጄን ልያን ከትምህርት ቤት ባስ የሚቀበሉልኝ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ነበሩ።

እትዬ አልማዝ ልጃቸው ዘንድ ወደ ዳላስ ሊሄዱ ሆነ። የባሷ ሹፌር ትልቅ ሰው ቆሞ ካላየች ትንሽ ልጅ አታወርድም፤ ይዛ ትመለሳለች። ይህ ከተደጋገመ መንግሥት ይጠራል ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። የጠዋት ሺፍት ማግኘት ነበረብኝ።

ኬቨንን ጠየቅኩት። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ "ምንም ችግር የለም፣ ሙሉ። የኔ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው" አለኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ። የሺፍት ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ግን ያው ማታ ነኝ። ተመልሼ ስሄድ፣ ሺፍት የሚያጸድቁት ሚስተር ሊን ስለሆኑ ሐሙስ ስብሰባ ላይ ራሴ እንድነግራቸው፣ እዚህ ቤት ሁሉም እኩል እንደሆነ አስረዳኝ። ባሌም በዚህ አገር መጠየቅ ነውር አይደለም ብሎ ገፋፋኝ። እኔ የገዛ አባቴን እንኳ አንድ ነገር ስፈልግ በአክስቴ በኩል ነበር የማስጠይቀው። አሜሪካ ነው ብዬ ያደግኩበትን ተውኩት።

ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። ሚስተር ሊን የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብለው አዩና ፈገግ አሉ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው። እናየዋለን። ትንሽ ሊያስቸግር ይችላል።"

ኬቨን ከኋላቸው ሆኖ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። እኔም ተሳካልኝ ብዬ እትዬ አልማዝን ቲኬትዎን ይቁረጡ አልኳቸው። ቀበሌ ውስጥ "ነገ ተመለሺ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ ያደግኩ ሰው፣ ያን ፈገግታ ማንበብ እንዴት እንዳቃተኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፕሮግራሙ ተለጠፈ። አሁንም ማታ።

ሚያዝያ ነበር፤ የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ያለበሰበት ሰሞን። በዕረፍት ሰዓት ዓይኔን ሳሻሽ፣ ከጎኔ የሚያሽጉ ሜይ የሚባሉ ቻይናዊት እናት ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

"እምቢ ብለውሻል እኮ" አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

"መቼ?"

"ሲስቁልሽ። ሰው ፊት እሺ ቢሉ ነገ ሁሉም ይጠይቃል። ሰው ፊት አይሆንም ቢሉ አንቺ ታፍሪያለሽ። አሁን ዝም በይ፤ እኔ እሄዳለሁ።"

ለካ ሽማግሌ መላክ የኛ ብቻ አይደለም። ሜይ ምን ብለው እንደለመኑልኝ አላውቅም። ዓርብ ዕለት ግን ሚስተር ሊን ካርቶን የሚያዩ መስለው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና ልጄ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስድስት አልኳቸው። "ትንሽ ናት። ሰኞ ጠዋት ነይ" ብለው አለፉ።

ሰኞ ጠዋት የመግቢያ ባጄን ማሽኑ ላይ ባደርገው፣ ባደርገው ቀይ ያበራል። ኬቨን መጣና ሲስተሙ ላይ የጠዋት ሰው እንዳልሆንኩ፣ የደረሰው ኢሜይልም እንደሌለ ነገረኝ። ሚስተር ሊን አውሮፕላን ላይ ናቸው፤ ሜይም የቃል ምስክር ከመሆን ያለፈ አቅም የላቸውም። ኬቨንን ግን ያናደደው ሌላ ነበር።

"እኔን ዘለሽ ሄድሽ፣ ሙሉ። በሬ ክፍት ነበር እኮ።"

"በሩማ ክፍት ነበር። ስንቴ ገብቼ ባዶ እጄን ወጣሁ" አልኩት።

በማታ ሰዓቴ እንድመለስ አዘዘኝ። እትዬ አልማዝ ግን ሄደዋል፤ በዚያ ሰዓት እኔ ሰፈራችን ኖርክሮስ፣ መንገድ ዳር፣ ዝናብ ላይ ቆሜ ባስ እጠብቅ ነበር። ልያ ወርዳ "ዛሬ አንቺ ነሽ?" ብላ ዘለለች። መጋዘኑ በማግስቱ በቦታዬ ሌላ ሰው ቀጠረ።

አሁን ቤቴ ውስጥ የሠራተኛ ልጆች እጠብቃለሁ። ጎረቤቶቼ የቻይና አለቃ ይሻላል፣ የለም የአሜሪካ ይሻላል ብለው ሲከራከሩ እኔ አልፈርድም። አንዱ ቃል ሰጥቶ አላደረገም፤ ሌላው አድርጎም አልጻፈም፤ ሁለቱም ደግሞ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ረግሜ እረሳቸው ነበር። አንዲት እናት ልጄን ተቀበይልኝ ብላ ስትመጣ፣ ቦታ ከሌለኝ ዓይኗን እያየሁ አልችልም እላታለሁ። ፊቷ ሲጠቁር ያመኛል። ግን ሌላ ሰው የምትፈልግበት ቀን ይተርፋታል።