የአያ ምትኩ ሽመላ

የእህቴ ልጅ ሰብለ ባለፈው እሑድ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «አክስቴ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ፤ አንጀት አትበላም?» አለችኝ። አንዲት ወፍ ጫጩቶቿን ታጎርሳለች። ፀሐይዋ ቁልጭ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ከሥሩ የልብ ምልክት ተደርድሯል፤ «የእናት ነገር» የሚለው፣ «አስለቀሰችኝ» የሚለው ብዛቱ። የእኔ ዓይን ግን የሄደው ከጎጆው በላይ ነው። ቅርንጫፍ ተቆርጧል፤ ጉቶው ገና ነጭ ነው፣ አልደረቀም። ደሜ ፈላ። ይሄን ያነሳ እጁ ይሰበር ብዬ ተራገምኩ። ሰብለ ደነገጠች። የእርግማኑ ግማሽ ለራሴ መሆኑን ከየት ትወቀው።

ልጅ ሳለሁ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ሸሕዲ በምትባል የቆላ ከተማ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፎቶ ቤት ስል አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃና ለደንበኛ የሚዋስ የፀሐይ መነጽር ማለቴ ነው። ደንበኞቼ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። መነጽሩን አድርገው ፏፏቴው ፊት ይቆሙና ፎቶውን ለእናታቸው ይልካሉ። ወባ ያንቀጠቀጠው የጎጃም ልጅ ሳይቀር እናቱ እንዳትጨነቅ ወፈር አድርጌ እንዳነሳው ይለምነኝ ነበር። መብራቱን አስተካክዬ አወፍረዋለሁ። በዚያ አላፍርም።

አንድ ክረምት ካላንደር የሚያሳትም ሰው ከከተማ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ አፌም አይቆሽሽ። «የእናት ፍቅር» የሚል ገጽ እንዳለውና ወፍ ከነጫጩቶቿ አንስቼ ካመጣሁለት ስሜን ከሥሩ እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። እስቲ አስቡት፣ የእኔ ስም በየሰዉ ግድግዳ ላይ! ያን ቀን ምሳዬን እንኳ በቅጡ አልበላሁም።

ወፏ የት እንዳለች አውቅ ነበር። ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ አያ ምትኩ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ የኩመር ዛፍ አለ፤ ያ ፍሬው በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው፣ ጎምዛዛው። እሱ ላይ በየዓመቱ ሽመላ ጎጆ ትሠራለች። በእኛ ቆላ ሽመላ ዝናብ ይዛ ነው የምትመጣ ይባላል። አያ ምትኩ ደግሞ ሽመላዋ ኩመሩ ላይ ሳታርፍ ትራክተር ማሳቸውን አያስረግጡም። ሰማይ ቢጠቁር፣ ጎረቤት ሁሉ ቢዘራ፣ እንግዳዬ አልመጣችም ብለው ይቀመጣሉ። ጎጆዋን የነካ ሰው ከእሳቸው ጋር ተቆራረጠ ማለት ነው። ፎቶ ላንሳት ብዬ ለመንኳቸው።

«ዓይን አይከለከልም» አሉኝ። «እጅሽን ግን እንዳታሳርፊባት።»

ማልኩላቸው።

ዛፉ አጠገብ የቆመ የትራክተር ተሳቢ ላይ ወጥቼ አነሳሁ። ፊልሙ ጎንደር ታጥቦ ሲመጣ ጭልምልም ያለ ነገር ሆነ፤ የኩመር ጥላ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የካላንደሩ ሰውዬ አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። አንዲት ቅርንጫፍ ብትቆረጥ ዛፉ አይሞትም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዛፉ አልሞተም።

አያ ምትኩ የትራክተር ዕቃ ፍለጋ ጎንደር የሄዱ ዕለት ገጀራ ይዤ ወጣሁ። ጎጆዋን ያጠላውን ቅርንጫፍ ሁለቴ መታሁት፣ ወደቀ። ጎጆዋን አልነካሁም፣ ስለዚህ መሐላዬን አላፈረስኩም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። መቼም ሰው ለራሱ ሲሆን ጥሩ ጠበቃ ነው።

የቆላን ክረምት የማያውቅ ሰው ክረምት ሲባል ብርድ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲያባራ መሬቱ እንደ ድስት ይተናል፣ ልብስ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ያቺ ፀሐይ ጎጆው ላይ ወረደች። እናቲቱ ብድግ አለች። ክንፎቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች፤ ሦስቱ ጫጩቶች ሥሯ ገቡ። አባትየው ከኩሬ ውኃ በጉሮሮው እየያዘ መጥቶ አናታቸው ላይ ያፈስላቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እያለቀስኩ ፊልሜ እስኪያልቅ አነሳሁ።

በማግስቱም ሄድኩ፤ ክንፏን እንደዘረጋች ነው፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ፤ ለምን ቢሉ አንድ ፊልም ልጨምር። ሁለቱ ጫጩቶች ሞተው ጎጆው ጠርዝ ላይ ተጋድመዋል። አንደኛው ሥሯ ተወሽቋል።

አያ ምትኩ ሲመለሱ ያገኙኝ እዚያው ተሳቢው ላይ፣ ካሜራዬን ይዤ ነው። ቀና ብለው ጉቶውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ምነው በጮኹብኝ ኖሮ። የማዳበሪያ ከረጢት ተርትረው፣ መሰላል አስጠግተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ወጥተው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጥረው ጥላ ሠሩ። ወፏ ደንግጣ በርራ ነበር። ወርደው ራቅ ስንል ተመለሰች፣ ከረጢቱ ጥላ ሥር ቆመች፣ ክንፏን አጠፈች።

«ልጄ፣ ፍቅሯን ያነሳሽ መስሎሻል» አሉኝ አያ ምትኩ። «ጭንቋን ነው ያነሳሽው።»

እዚህ ላይ ፊልሙን አቃጠልኩት ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ። አላቃጠልኩትም፤ ወስጄ ሰጠሁት። ካላንደሩ ታተመ። ስሜማ የለበትም፣ ሰውዬው የራሱን ጽፎበታል፤ ይበለኝ። አውቶቡስ መናኸሪያው፣ ምግብ ቤቱ፣ እህል መጋዘኑ ሁሉ ሰቀለው። አንድ ቀን ሻይ ቤት ገብቼ ባለቤቱ ለእንግዶቹ እናት ማለት እንዲህ ናት እያለ ሲያሳይ ሰማሁት። ተነስቼ ገጹን ከግድግዳው ገነጠልኩት። ያበድኩ መስሎት ሻዬን እንኳ ሳያስከፍል አስወጣኝ።

በዓመቱ ሽመላዋ አልመጣችም። አያ ምትኩ ጠበቁ። የጎረቤት ሰሊጥ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ የእሳቸው ትራክተር ቆሞ ነበር። ዘግይተው ዘሩ፣ ሰሊጡን አረም በላው። ሰው በእምነታቸው ሲስቅባቸው ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሱልኝ ነበር፤ ያ ከሁሉም ይብስብኛል።

ይሄን ሁሉ ለሰብለ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችና እስቲ አሳዪኝ አለች። ያን ከሻይ ቤቱ የገነጠልኩትን ገጽ ከሻንጣ አውጥቼ ሰጠኋት። ብዙ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ግን አክስቴ፣ ሲያምር» አለች። ምን ብዬ ልቆጣት? ቅርንጫፉን የቆረጥኩት፣ የሞቱትን ጫጩቶች በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ አንጀቴን ይበላኛል፤ የማፍረው ከዚያ በኋላ ነው።