የባሻ በርጩማ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ሶፋ ማስለበስና መጋረጃ ማሰፋት ያሰኘው ሰው ዙቤይዳ ጋ ይሄዳል። ሃያ ዓመት የሰው ሳሎን ስታሳምር ኖራለች። ደንበኛ ይመጣና የእሷን ሳሎን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ» ይላታል። ችግሩ ሳሎኑ የእሷ አለመሆኑ ነው። የባሻ ነው። ባሻ ቀይ ወንድ ድመት ነው፤ ጭንቅላቱ ድፎ ዳቦ የሚያክል፣ አንድ ጆሮው በጎረምሳነቱ በድብድብ የተቀደደ። እስካሁን ሁለት ሶፋ ገድሏል፤ አንደኛውን ቀስ በቀስ፣ ሁለተኛውን በአንድ ረመዳን።

ልጇ ረይሃና አንድ ቀን ከባንክ ሥራዋ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ኡሚ፣ እኔን ሊጠይቁ የሰርቦዎቹ ሽማግሌዎች በሦስተኛው እሁድ ከአስር ሰላት በኋላ ይመጣሉ» አለች። ዙቤይዳ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ረይሃና አቋረጠቻት፦ «ቆዪ፣ ገና ነው። ይሄ ድመት እያለ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?»

ሰቃ ገጠር የቡና እርሻ ያለው የዙቤይዳ ታላቅ ወንድም ሳዲቅ እዚያው ነበር። የልጅቷ አባት ስለሞተ ሽማግሌ የሚቀበለው እሱ ነው። «እኔ ጋ ይምጣ» አለ። «ሰቃ አይጥ እንደ ልብ ነው።»

«ባሻ አይጥ አይበላም።»

«ምንድን ነው ታዲያ የሚበላው?»

«ሶፋ» አለች ረይሃና።

ተነታርከው ተነታርከው በአንድ ነገር ተስማሙ። ዙቤይዳ አዲስ ሶፋ ትሠራለች፤ የሽማግሌው ቀን አንዲት ክር ከተመዘዘች ግን ባሻ በዚያው ምሽት በሳዲቅ መኪና ወደ ሰቃ።

«ቶሌ» አለች ዙቤይዳ፣ እሺ ማለቷ ነው። ባሏ በሞተ በሳምንቱ ከዝናብ ሸሽቶ የገባ ግልገል መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ እግሯ ላይ እየተኛ ሰባት ክረምት እንዳሻገራት አላነሳችም። እንዲህ ያለ ነገር ለሳዲቅ ቢነገር ጨርሶ ያሾፍባታል።

በማግስቱ ባሻን በሻርፕ ጠቅልላ ጨርቅ ቤት ይዛው ገባች። ጀርባውን ከጣቃው ሁሉ ጋር እያስተያየች፣ «ይሄን የመሰለ ቀለም አውጣልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ሰው እኮ ከመጋረጃው ጋር ነው የሚያዛምደው» አለ ሻጩ።

«መጋረጃው ፀጉሩን አያራግፍብኝም።»

የመረጠችው ከፈይ ጨርቅ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጥፍር የሚይዘው ክር አያገኝም። ለሃያ ዓመት የሰው ሶፋ ስታለብስ ይህን አስባው አለማወቋ ገረማት። መጋረጃዎቹን ከወለሉ አንድ ስንዝር አሳጠረቻቸው። ከግድግዳው ላይ ሲኒና ብርጭቆ አውርዳ መደርደሪያዎቹን እንደ ደረጃ እስከ መስኮቱ አስመታቻቸው፤ ባሻ እላይ ወጥቶ ባጃጅ ይቆጥራል።

ቀረ የሚቧጭርበት ነገር። አናጺው ቲጃኒ ጋ ሄዳ፣ «አንድ ግንድ ቁረጥልኝና የቡና ጆንያ ጠምጥምበት፤ ለድመት ነው» አለችው። ቲጃኒ በዕድሜው ግንድ ቆርጦ ብቻ ሰጥቶ አያውቅም። ከአንድ ዋንዛ የወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዞ መጣ። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ፣ ዙሪያው በቅርጽ የተሞላ፤ ጆንያው እግሮቹ ላይ ብቻ ነው።

«አንተ፣ ድመት ነው እኮ ያልኩህ!»

«ዋንዛ ነው። በዋንዛ አልቀልድም።»

ባሻ ግን ወደደው። እግሮቹን ይቧጭራል፣ ደክሞት ላዩ ይተኛል። ሶፋውን ዞር ብሎም አላየውም።

እሁድ አራት ሽማግሌዎች ገቡ። ነገሩ ያለው በአባቦራ እጅ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰርቦ ውስጥ ያላዩት ጋብቻ የሌለ። ሦስቱ ሶፋው ላይ ተደላደሉ። አባቦራ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉትና፣ «ይሄ ሰው ይውጣል። ገብቼ ማን ያወጣኛል?» አሉ። ቀና ሲሉ በርጩማውን አዩት። «ማሻአላህ! ጅማ ዛሬም እንዲህ ያለ እጅ አለ?» ብለው ጋቢያቸውን ዘርግተው ተቀመጡበት።

ሳዲቅ ዙቤይዳን አያት። ዙቤይዳ ጣሪያውን አየች። ሽማግሌ የመረጠውን መቀመጫ ልቀቅ አይባልም፤ ያውም ልጅ ሊጠይቅ የመጣ።

ባሻ መስኮቱ ጋ ካለው መደርደሪያ ላይ ነቃ። ተንጠራራ፣ ደረጃ በደረጃ ወረደ፣ ወደ በርጩማው ሄደ። የበርጩማው እግር አይታይም፤ ሁሉም ጋቢ። አባቦራን ከታች ወደ ላይ ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ዞረና የሶፋው ክንድ ላይ ሁለት እጁን ሰቀለ። አንዴ ቧጨረ። ደገመ።

ሽማግሌዎቹ «ልጃችሁን ለልጃችን» እያሉ ነው፤ ሳዲቅ ጆሮውን ለእነሱ ሰጥቶ ዓይኑን ሶፋው ላይ ተክሏል። ከፈይ ሁለት ጭረት ይችላል። አሥርስ? ዙቤይዳ ከበሩ አጠገብ ተነሳች።

«አባቦራ፣ አፉ ይበሉኝ። የተቀመጡበት የድመቱ ነው።»

ከውስጥ ክፍል ረይሃና «ያ አላህ!» ስትል ተሰማ።

«ዙቢ!» አለ ሳዲቅ።

«ካን አዱሬቲ? የድመት?» አሉ አባቦራ። ጎንበስ ብለው ጋቢያቸውን ገለጡና ጆንያውን ዳሰሱት። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት።»

«እኔ ሰማንያ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ በርጩማ የለኝም። ማን ነው ስሙ?»

«ባሻ።»

«ስሙም ከእኔ አያንስም።» ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው እግራቸውን ገለል አደረጉ። «ና ባሻ። አንተ ታች፣ እኔ ላይ።»

ባሻ ሁለተኛ አላስጠራም። በአባቦራ እግሮች መካከል ገብቶ ጆንያውን ክርክር፣ ክርክር ያደርገው ጀመር።

«ቀጥሉ» አሉ አባቦራ። «እኔን አልነካኝም።»

ረይሃና ክርክር እየተባለ ተጠየቀች። ሳዲቅም እንደ ወጉ «ከዘመድ እንማከር» ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ።

እንግዶቹ እንደወጡ ረይሃና የስልኳን መብራት አብርታ ሶፋው ሥር ተንበረከከች። ክንዱን በመዳፏ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አበሰችው። ሳዲቅ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ይጠብቃል።

«ክር የለም» አለች ረይሃና። መብራቱን እያጠፋች፣ «ይቀመጥ። ግን ለቀጠሮው ለአባቦራ የራሳቸው ይታዘዝላቸው።»

ዙቤይዳ እዚያው ሆና ቲጃኒ ጋ ደወለች።

«ሌላ በርጩማ? ለድመት ነው ለሰው?»

«ለሰው።»

«እንግዲያማ ቀላል ነው» አለ ቲጃኒ። «ሰው እንደ ድመት አይመርጥም።»