ለእርቅ የሚሆን ታርጋ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሎ የምትሸጠው አምለሰት ሰውየውን ስታየው ይህ ሦስተኛ እሑድ ነው። ኮቱ ነትቧል፤ ቁልፎቹ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ደምበጫ ላይ ሽማግሌዎች ከሚስቱ ሊያስታርቁት ተቀምጠው ይጠብቁታል። እሱ ግን ታርጋው ከአንድና ከራሱ ሌላ በሆነ ቁጥር ያለ ቀሪ በሚካፈል መኪና ለእርቅ አልሄድም ብሏል።

«10001 መጣልዎት፣ ጋሼ!»

«ለሰባ ሦስት ይካፈላል፣ ልጄ። ትዳር ያፈርሳል።»

ቀጥሎ 10007 መጣ። ሰውየው እስክሪብቶውን አውጥቶ መዳፉ ላይ ከሁለት አንስቶ ያካፍል ጀመር።

«ኧረ ይሳፈሩ!»

«እስከ ዘጠና ሰባት ሳይሞከር አይታመንም!»

ዘጠና ሰባት ላይ ደርሶ «አይካፈልም!» ብሎ ሲዘል፣ መኪናው ጅጋን አልፎ ነበር።

አምለሰት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስልኩን ተቀብላ ለሚስቱ ደወለችና 10007 ጥሎት እንደሄደ ነገረቻት። ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«በይ መኪናው እዚህ ደርሶ ሲመለስ እኔው ልምጣበት፤ ታርጋው ስንት ነው ያልሽኝ?»