ፉሳኤ ያልሸተታት ሳኬ

በዚያች የተራራ ከተማ ሳኬ ጠማቂዎች አዲስ የሩዝ ጠመቃቸውን ፉሳኤን ሳያስቀምሱ ገበያ አያወጡም ነበር። ባለፈው መኸር ግን ትኩሳት ይዟት ሰነበተና ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጠማቂዎቹ ሲመጡ ጉንፋን ነው እያለች ትመልሳቸው ጀመር።

ሟች ባሏ ቶኩጂ ልጃቸው ሳዮ በተወለደች ዓመት የጠመቀውን አንድ ጋን ሳኬ ለሰርጓ ብሎ አሽጎ ጓዳ አኑሮት ነበር። በሰርጉ ዕለት ጠዋት ፉሳኤ ከፈተችው። መልኩ የጠቆረ ማር መስሏል። አፏ ውስጥ ብታንከባልለው ከሙቀት በቀር ምንም የለም። ኮምጥጦ ቢሆንስ? የቶኩጂ ስም በአማቾች ፊት ሊዋረድ ነው። ጽዋዎቹን ደረደረች፣ አነሳች፣ መልሳ ደረደረች። ሳኬውን ልታሞቅበት ውሃ ጣደች፣ ሳይሞቅ አወረደች። በመጨረሻ በረዶውን እየረገጠች ወደ ባሏ ታላቅ እህት ወደ ሚኔኮ ቤት ገሰገሰች። ፉሳኤ የቶኩጂን ጠመቃ ቤት ከሸጠች ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«የሸጥሽውን ቤት ልትመልሺልኝ መጣሽ?» አለቻት ሚኔኮ።

«እትዬ፣ አፍንጫዬ ሞቷል። የቶኩጂን የሰርግ ሳኬ ይቅመሱልኝ።»

ሚኔኮ ካፖርቷን ደርባ ተከተለቻት። ጓዳ ገብታ ስትቀምስ ፉሳኤ መቆም አቅቷት ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ዝም በይ እስቲ ልቅመስበት።» ደግማ ተጎንጭታ፣ «የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ኋላ ላይ መረር ይላል። ያ ግትር ወንድሜ ራሱ ነው። እሳት እንዳታስነኪው» አለች።

ከምሳ በኋላ ፉሳኤ ለእንግዶቹ ቀዳች። የሙሽራው አባት ተጎንጭቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያም ስለ ጣዕሙ እንድትነግራቸው ለመናት፤ ሁሉም ወደሷ ዞረ። የሚኔኮን ቃል ደግማ መገላገል ትችል ነበር።

«እኔ ማሽተት ካቆምኩ ቆይቷል» አለች። «የቀመሱት እትዬ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቁ።»

ሳዮ ደንግጣ እናቷን አየቻት። ሚኔኮ ፊቷ ቀላ፤ ቀጥሎ ግን ስለ ወንድሟ አመል ጀምራ እንግዳውን ሁሉ አሳቀችው።

ዛሬ ዛሬ ጠማቂዎቹ አዲሱን ሳኬ ለሁለቱም ያመጣሉ። ሚኔኮ ትቀምሳለች፣ ፉሳኤ በጥያቄ ታፋጥጣታለች፣ ተጨቃጭቀው ፍርድ ይሰጣሉ። ፉሳኤ ግን አልተረጋጋችም። በሥራ መሀል ብድግ ብላ ጓዳ ትገባና የተረፈውን ሳኬ ከፍታ ታሸታለች። እስካሁን ምንም።